ስለ ደም ብዛት ስውር ምክንያት

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ጣርማ በር ሲደርስ፤ ጉሙ የተገለጠለት ቀን እንደ ሆነ፤ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ቢመለከት ደብረ ሲና ከእግሩ በታች፤ ከዚያም ወዲያ የቆላው አገር እስከ ዓይን ማድረሻ ተዘርግቶ ይታየዋል። ዛሬ መኪና የሚያልፍበት ዋሻ ጣልያን አገራችንን በወረረበት በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል የተፈለፈለ ነው። ከዚያ በፊት ግን በዚህ አገር ቆላና ደጋ የሚገናኙት በግመልና በአህያ መንገድ ነበረ፤ ከቆላ ወደ ደጋ ከሚወጣውም ሸቀጥ ዋነኛው ጨው ነበረ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1841፤ ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ያለፈበት የአልዩ አምባ ገበያ፤ ከአንኮበር በታች ያለው፤ የአፋር ግመሎች ከአሳል ሐይቅ ያመጡትን ጨው የሚያራግፉበት ስፍራ ነበረ። አሞሌውም እንደ ገንዘብ ሆኖ ይሠራ እንደ ነበረ ከአባቶቻችን የሰማነው ነው።

ይህን የምናነሣው የታሪክ ወግ ለማብዛት አይደለም። ጨው እንዲህ ብርቅ ሆኖ በኖረበት ዘመን የሰው አካል ያገኘውን ጥቂት ጨው እንዳይባክን የሚጠብቅለት ሥርዓት ነበረው፤ ዛሬም አለው። ጨው በየሱቁ በርካሽ በሚሸጥበት በዛሬው ዘመን ግን ይኸው ጠባቂ በአንዳንድ ሰው ላይ ሥርዓቱን አፍርሶ ደም ብዛት የሚባለውን ደዌ ያመጣል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ፤ ይህ ምክንያት ሊታወቅና ሊታከም የሚችል ሆኖ ሳለ፤ በሽተኛው ብዙ ዓመት ምክንያቱ ሳይመረመር መኖሩ ነው።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመረዳት የሚከተለውን ማወቅ ይበቃል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ራስ ላይ እንደ መነኩሴ ቆብ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ዕጢ አለች፤ ሐኪሞች አድሬናል ይሏታል። እነዚህ ሁለት ዕጢዎች ሆርሞን የሚባሉትን ልዩ ልዩ ቅመሞች እየሠሩ ወደ ደም ይልካሉ። ከነዚህም አንዱ አልዶስትሮን ይባላል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1953 ሲልቪያ ሲምፕሰንና ጄምስ ቴይት የተባሉ የእንግሊዝ አገር ሊቃውንት ከስዊስ ባልደረቦቻቸው ጋር ለይተው ያወጡት ነው። ሥራውም ኩላሊትን ጨው አትልቀቅ፤ በጨው ፋንታ ፖታሲየም የሚባለውን አስወጣ ብሎ ማዘዝ ነው። ጨው በአካል ውስጥ ሲቀር ውኃም አብሮት ይቀራል፤ ውኃ ሲቀር በደም ሥር የሚዞረው ይበዛል፤ ግፊቱም ይጨምራል። አንዳንድ የተማረ ሰው ሕዝቡ ደም ብዛት እያለ መጥራቱን ስሕተት አድርጎ የደም ግፊት በሉ ሲል ይሰማል። በዚህ ዓይነቱ ደዌ ግን ከሐኪሙ ስም ይልቅ የሕዝቡ ስም ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ በእርግጥ የበዛ ነገር አለና።

በጤነኛ ሰው ዘንድ ዕጢዋ ይህን የምትሠራው ስትታዘዝ ብቻ ነው። አካል ጨው ሲያንሰው ወይም ደም ሲፈሰው ኩላሊት ሬኒን የሚባለውን ቅመም ያወጣል፤ ይህንም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1898 ቲገርስቴትና በርግማን የተባሉት ሰዎች በስቶክሆልም አግኝተውታል። በሬኒን ምክንያት አንጂዮቴንሲን የሚባለው ይሠራል፤ ያም ለዕጢዋ ትእዛዝ ሆኖ ይደርሳታል። ጨው ሲበቃ ሬኒን ይቀንሳል፤ ትእዛዙም ይቆማል። በመሥሪያ ቤት ያለ ሹም ሁሉ ይህን አሠራር ያውቀዋል፤ ደብዳቤ ሲመጣ ይሠራል፤ ደብዳቤ ሲቀር ሥራው ይቆማል። በሽታው የሚጀምረው ከሁለቱ ዕጢዎች አንዲቱ ወይም ሁለቱም ያለ ደብዳቤ መሥራት የጀመሩ እንደ ሆነ ነው። አንዳንድ ጊዜ በአንዲቱ ውስጥ የበቀለች ትንሽ እባጭ ናት ይህን የምታደርገው፤ አንዳንድ ጊዜም ሁለቱም አብረው ከመጠን በላይ ያመነጫሉ። ኩላሊት በበኩሉ ጨው እንደ በዛ አይቶ ሬኒኑን እስከ መጨረሻው ዝቅ ያደርጋል፤ የሚሰማው ግን የለም።

ይህን ደዌ በመጀመሪያ የገለጡት በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ዶክተር ጄሮም ኮን ናቸው። ወደ እርሳቸው የመጣችው የ34 ዓመት ሴት ጡንቻዋ እየከዳት፤ እጅና እግሯ እየተኮማተረና ለጊዜውም እየሰለለ ዓመታት የቈየች፤ ደም ብዛትም የነበረባት ናት። ዶክተር ኮን ነገሩን በጥንቃቄ መርምረው ምክንያቱ ከዕጢዋ ነው ብለው ተናገሩ፤ በቀዶ ሕክምናም እባጭ ተገኝቶ ወጣ፤ ሴቲቱም ተሻላት። ታሪኩ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1955 ታተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዶክተር ኮን ደም ብዛት ካለበት ሰው ከመቶው 20 ያህሉ ከዚህ ምክንያት የመጣ ሳይሆን አይቀርም ብለው ቢጽፉ ሌሎቹ ሊቃውንት አላመኗቸውም። በየትምህርት ቤቱም ይህ ደዌ ከመቶ አንድ እንኳ የማይደርስ ብርቅ ነገር ነው እየተባለ ለብዙ ዘመን ተማረ።

ብርቅ የመሰለበትም ምክንያት ሩቅ አይደለም። ሐኪሞች የሚፈልጉት ፖታሲየማቸው ዝቅ ባለ በሽተኞች ላይ ብቻ ነበረ። ነገር ግን ኋላ እንደ ታወቀው ይህ ደዌ ካለባቸው ሰዎች የሚበልጡት ፖታሲየማቸው ደኅና ሆኖ የሚገኝ ናቸው። በር በሌለበት በኩል ቆሞ የሚጠብቅ ዘበኛ ሌባ የለም ቢል አይፈረድበትም። አልዶስትሮንና ሬኒንን በአንድ ጊዜ ለክቶ አንዱን ለሌላው ማካፈል ከተጀመረ ወዲህ ግን ቁጥሩ ተለወጠ። ዛሬ ከደም ብዛት በሽተኞች ከመቶው ከ5 እስከ 10 ያህሉ፤ በብዙ መድኃኒት አልበገር ካላቸውም መካከል 20 ያህሉ ይህ ደዌ እንዳለባቸው በብዙ አገር ታይቷል። በ2020 በአሜሪካ አገር በአራት ሕክምና ቤቶች የተደረገ ጥናት ደግሞ ነገሩ አለ ወይም የለም ተብሎ የሚከፈል ሳይሆን ከትንሽ እስከ ትልቅ በደረጃ የሚገኝ መሆኑን፤ ግፊታቸው ገና ደኅና በሆኑትም ሰዎች ዘንድ ጅማሬው እንደሚታይ ገልጧል። ዶክተር ኮን በሕይወት ሳሉ የተነቀፉበት ቁጥር ከእውነቱ ያን ያህል የራቀ አልነበረም ማለት ነው።

እንዲህም ሆኖ የሚመረመረው ሰው ጥቂት ነው። በአሜሪካ አገር ለቀድሞ ወታደሮች በተሠሩት ሆስፒታሎች በብዙ መድኃኒት ግፊታቸው እንቢ ያለ ከ260,000 በላይ ሰዎች መዝገብ ቢታይ፤ ለዚህ ደዌ የተመረመሩት ከመቶው ሁለት እንኳ አልሞሉም። ሀብትና ላቦራቶሪ ባልጠፋበት አገር ይህ ከሆነ የእኛን መገመት አያስቸግርም። በ2024 የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር፤ በ2025 ደግሞ የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበር ባወጡት መመሪያ ምርመራው ደም ብዛት ለተገኘበት ሰው ሁሉ እንዲታሰብ አሳስበዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት፤ ዕድሜአቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑት ሰዎች ከመቶው 16 ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሚበዙትም ሕክምና ያልጀመሩ ነበሩ። እንግዲህ በአንድ ወረዳ 1,000 ጎልማሶች ቢሰበሰቡ 160 ያህሉ ደም ብዛት አለባቸው ማለት ነው፤ በሌላ አገር የተገኘውን ልክ በእኛም ላይ ብናደርገው ከነዚህ ከ8 እስከ 16 የሚሆኑት የደዌአቸው ምንጭ ከዕጢ ነው። ይህ ግምት እንጂ በጣርማ በር ወረዳ ተቈጥሮ የተገኘ አይደለም። በዚያው ጥናት ሰው በቀን የሚበላው ጨው በአማካይ 8 ግራም ያህል መሆኑ ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል። ጾም ይህን ይቀንሰዋል የሚል ሰው ቢኖር ይሳሳታል፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ ሽሮውም ሲሠራ እንደ ገና ይጨመራል። አልዶስትሮን በበዛበት አካል ውስጥ ደግሞ ይህ ሁሉ ጨው መውጫ አጥቶ ይቀመጣል።

ስለ በሽተኛው ሁኔታ ጥቂት እንናገር። በደጋው አገር የሚኖር አንድ የ45 ዓመት ካህን አለ እንበል። ግፊቱ በጤና ጣቢያ ተለክቶ ከፍ ብሎ ስለ ተገኘ አምሎዲፒን ተሰጠው፤ አልበቃ ስላለ ኢናላፕሪል ተጨመረለት፤ ቀጥሎም ውኃ የሚያስወጣው ሃይድሮክሎሮቲያዛይድ ተሰጠው። ግፊቱ ግን አልወረደም። ማኅሌት ሲቆም ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ ይነሣል። ራሱ ብርድ ነው ይላል፤ ሚስቱ ድካም ነው ትላለች፤ ጎረቤት እርጅና ነው ይላል፤ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ደግሞ መድኃኒትህን በደንብ አትውጥም እያለ ይቈጣዋል። በእርግጥ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ብዙ ስለ ሆነ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መለኪያውም በትክክል መታሰሩን፤ ሰውየውም ዐረፍ ብሎ መለካቱን ማየት ያስፈልጋል። ነገር ግን መድኃኒቱን በሚገባ የሚወስደውን ሰው ሁልጊዜ በደለኛ ማድረግ ፍርድ ማጓደል ነው። ይህ ካህን ፖታሲየሙ ተለክቶለት ዝቅ ብሎ ቢገኝ ትልቅ ምልክት ይሆናል፤ ደኅና ቢሆንም ግን ደዌው የለም አያሰኝም።

መዘግየቱ የሚያመጣው ጉዳት ትንሽ አይደለም። አልዶስትሮን ግፊትን ከመጨመሩ ሌላ ልብንና የደም ሥርን በራሱ ይጎዳል። በ2018 የታተመ፤ ብዙ ጥናቶችን በአንድነት ያመዛዘነ ጽሑፍ እንዳሳየው፤ ይህ ደዌ ያለበት ሰው ተመሳሳይ ግፊት ካለው ሌላ በሽተኛ ይልቅ በስትሮክ የመመታት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ፤ የልብ ምቱ የመዛባት ዕድሉም ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። አንድ የቤት አስተዳዳሪ ጎኑ ሰልሎ አልጋ ላይ ሲቀር ቤተ ሰቡ ምን እንደሚሆን ለአንባቢዎቻችን መናገር አያስፈልገንም።

ከሆርሞን የሚመጣ ደም ብዛት ይህ ብቻ አይደለም። ከዚሁ ከአድሬናል ዕጢ መካከለኛ ክፍል የሚበቅል፤ ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባል እባጭ አለ። ይህ በእውነት ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ካህናት አንባቢዎቻችን ሊያውቁት ስለሚገባ እንጽፈዋለን። ሰውየው ደኅና ሳለ ድንገት ራሱን ይፈልጠዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ፊቱ ይገረጣል፤ በታላቅ ፍርሃትም ይያዛል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ይተወዋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1886 በጀርመን አገር ፍሬንከል የተባለ ሐኪም የ18 ዓመት ልጃገረድ እንዲህ ሆና እንደ ሞተች ጽፏል፤ በሁለቱም ዕጢዎቿ እባጭ ተገኝቶ ነበር። በ1926 ግን በስዊስ ሩ የተባሉት፤ በአሜሪካ ደግሞ ቻርልስ ማዮ የተባሉት ሐኪሞች እባጩን በቀዶ ሕክምና አውጥተው በሽተኞቻቸውን አድነዋል። በአገራችን እንዲህ የሚነሣበት ሰው መንፈስ ይዞታል መባሉ የማይቀር ነው። ከጣርማ በርና ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ በሰላ ድንጋይ በኩል ባለችው በጻድቃኔ ማርያም ለጠበል የሚሰበሰበው ሕዝብ ከየአገሩ የመጣ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ግፊቱ ቢለካ ከፍ ብሎ የሚገኝ አይታጣም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረው ነበር። የንስሐ አባት ልጁን በዚያው መንገድ ወደ ጤና ጣቢያ ቢልከው ከጠበሉ የሚጐድልበት ነገር የለም።

ሌላው ኮርቲዞል የሚባለው ሆርሞን ሲበዛ የሚመጣው ነው፤ በሐርቪ ኩሺንግ ስም ይጠራል። ፊት ይከብባል፤ ሆድ ይሰፋል፤ እጅና እግር ይቀጥናል፤ በሆድ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው መስመር ይወጣል፤ ግፊትም ይጨምራል። ከዕጢ በራሱ የሚመጣው ጥቂት ነው፤ የሚበዛው ከመድኃኒት የሚመጣው ነው። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ነፍስ የሚያድኑ ሲሆኑ፤ ያለ ትእዛዝ ከመደብር እየተገዙ ለወራት ሲዋጡ ይህን ጣጣ ያመጣሉ። ለረጅም ጊዜ የወሰደውም ሰው ድንገት ቢያቋርጥ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ረስተው ስለ ቈዩ ለሞት ሊደርስ ይችላል፤ በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ መተው አለበት። ለወሊድ መቈጣጠሪያ የሚሰጠው ኤስትሮጅን ያለበት እንክብልም በአንዳንድ ሴቶች ግፊትን ይጨምራልና እንክብሉን የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ግፊት ይለካ።

ስለ እንቅርት ዕጢም አንድ ቃል እንበል። ይህች ዕጢ ከመጠን በላይ ብትሠራም ብታንስም የደም ግፊትን ታዛባለች። በደጋው አገራችን እንቅርት የበዛው አዮዲን በማነሱ ስለ ሆነ፤ መንግሥት ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት በ2003 ዓ.ም. ደንብ አውጥቷል። ስለዚህ ጨው ይቀነስ ስንል አዮዲን የሌለው ይበላ ማለታችን አይደለም፤ ጥቂት ይሁን፤ ያም ጥቂት አዮዲን ያለበት ይሁን።

አሁን ለሹማምንት የምንለው ይህ ነው። የሬኒንና የአልዶስትሮን ምርመራ ከአዲስ አበባ ወጥቶ እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። ነገር ግን ሰው ራሱ ወደ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም፤ ሊሄድ የሚገባው ደሙ ነው። ደብረ ብርሃን ከዋና ከተማችን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቅ ሲሆን፤ ዩኒቨርሲቲውም በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም በተሰየመው የጤና ሳይንስ ካምፓስ ባለሙያዎችን ያስተምራል። ከዚያ በየሳምንቱ የተለየውን የደም ውኃ ወደ አዲስ አበባ መላክ ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ አይመስለንም። የሚልከው ባለሙያ ግን አንድ ነገር ይወቅ፤ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ገና ሳይለይ በበረዶ ቢቀመጥ የሬኒኑ ልክ ከፍ ብሎ ይገኝና ደዌ ያለበትን ሰው ጤነኛ ያስመስለዋል። የፖታሲየም መለኪያ ደግሞ በየሆስፒታሉ ሳይቋረጥ ሊኖር የሚገባ ነው፤ መሣሪያው ተገዝቶ ቅመሙ አልቋል ተብሎ የሚቆመውን ነገር የሚመለከታቸው ሹማምንት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደስተው መድኃኒቱ ውድ አለመሆኑ ነው። እባጩ በአንዲት ዕጢ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ሰውየውም ብዙ ጊዜ ከመድኃኒት ያርፋል ወይም መድኃኒቱ ይቀንስለታል። በሁለቱም ዕጢዎች ከሆነ ስፒሮኖላክቶን የሚባለው እንክብል የአልዶስትሮንን ትእዛዝ ይከለክላል። ይህ እንክብል ልቡ ለደከመና ሆዱ ውኃ ለቋጠረ በሽተኛ ሲሰጥ የኖረ አሮጌ መድኃኒት ነው። በ2015 በእንግሊዝ አገር የታተመው ጥናት ሦስት መድኃኒት ወስደው ግፊታቸው አልወርድ ያላቸውን በሽተኞች ቢፈትን፤ አራተኛ ሆኖ ከተጨመሩት ሁሉ ስፒሮኖላክቶን በለጠ። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በናይጄሪያ፤ በኬንያና በደቡብ አፍሪካ ሬኒንንና አልዶስትሮንን ለክቶ መድኃኒትን በዚያ መምረጥ በልማድ ከመስጠት የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ምርመራው እስኪደርስ ድረስ በሦስት መድኃኒት ያልተመለሰውን በሽተኛ የሚያክም ሐኪም እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።

ሆኖም ይህን አንብቦ ወደ መድኃኒት መደብር የሚሮጥ ሰው እንዳይኖር እናሳስባለን። ስፒሮኖላክቶን በወንዶች ላይ ጡት የማሳበጥና የማሳመም ጠባይ አለው፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ኩላሊቱ በደከመ ሰው ዘንድ፤ በተለይም ከኢናላፕሪል ጋር ሲወሰድ፤ ፖታሲየምን ከመጠን በላይ ከፍ አድርጎ ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት ኩላሊቱና ፖታሲየሙ ይለኩ፤ ከተጀመረም በኋላ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፤ ደግሞም በወሩ እንደ ገና ይለኩ።